ማን ይጠየቅ? ስለ ድንበር ጥበቃና ስለ መንግሥታት ተጠያቂነት

በቋንቋችን «ተጠያቂ» የምንለው ሰው፣ ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው፣ የሚጠየቅ ሰው ነው። የሚጠየቅ እንዲኖር ደግሞ የሚጠይቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቅበትም አደባባይ ያስፈልጋል። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽ «ተጠየቅ» ብሎ ሲነሣ ተከሳሹ ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማ ነበር። ሁለቱ ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ እንዳይለያዩ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኛ የሚሄዱበትም ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ጉድለት እንደ ነበረው አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በሚገባ ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም ጠያቂና ተጠያቂ ከተራራቁ ፍርድ የሚባል ነገር እንደማይኖር ነው።

ለምእመናንና በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ላቀርበው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። አንድ መንግሥት በድንበሩ ላይ፣ ወይም ከድንበሩ ርቆ በባሕር ላይ፣ የሌላ አገር ሰዎችን ሲያስቆም፣ ሲያስርና ሲመልስ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው? በዲሞክራሲ የሚተዳደር መንግሥት ለሕዝቡ ተጠያቂ ነው ይባላል፤ ሕዝቡ በምርጫ ይሾመዋል፣ በምርጫም ይሽረዋልና። ነገር ግን በባሕር ላይ የተያዘው ስደተኛ የምርጫ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ዜጋ ደግሞ በባሕሩ ላይ አልነበረም። የተጎዳው መጠየቅ አይችልም፤ መጠየቅ የሚችለው አላየም። የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በተፈጸመ ታሪክ እንየው። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 መጨረሻ፣ በሊቢያ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ 72 ሰዎች የተሳፈሩባት የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሥታ ላምፔዱዛ ወደምትባለው የኢጣሊያ ደሴት አመራች። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የኤርትራ፣ የናይጄሪያ፣ የጋናና የሱዳን ተወላጆችም ነበሩባት፤ ሁለት ሕፃናትም ነበሩ። ነዳጁ እያለቀ፣ ማዕበሉም እየበረታ በሄደ ጊዜ በሳተላይት ስልክ የድረሱልን ጥሪ አሰሙ። የደወሉት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለአንድ ካህን፣ ለኤርትራዊው ካቶሊካዊ አባት ለአባ ሙሴ ዘርአይ ነበር። እርሳቸውም ወዲያውኑ ለኢጣሊያ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አስታወቁ። በሮም የሚገኘው የነፍስ አድን ማዕከል ጀልባዋ ያለችበትን ስፍራ ለይቶ በአካባቢው ለነበሩ መርከቦች ሁሉ መልእክት አስተላለፈ፤ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ጦር ዕዝም እንዲያውቀው ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩን በሕይወት የተረፉት ናቸው። አንድ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር በላያቸው አንዣቦ ውኃና ብስኩት ጣለላቸው፤ ተመልሶም አልመጣም። ቀናት ካለፉና ብዙዎች ከሞቱ በኋላ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ እጅግ ቀረባቸው፤ በመርከቡ ላይ የነበሩት ሰዎች በመነጽር ሲመለከቷቸውና ፎቶግራፍ ሲያነሧቸው አዩ። እነርሱም የሞቱትን ሕፃናትና ባዶውን የነዳጅ ጀሪካን ወደ ላይ አንሥተው አሳዩ። መርከቡ መንገዱን ቀጠለ። ጀልባዋ ለሁለት ሳምንት ያህል በማዕበል ስትንገላታ ቆይታ በኤፕሪል 10 ቀን ዝሊተን አጠገብ፣ እዚያው በሸሿት በሊቢያ ዳርቻ ተተፋች። ከ72ቱ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው።

የአውሮፓ ካውንስል የፓርላማ ጉባኤ ነገሩን እንዲመረምሩ ሆላንዳዊቷን የምክር ቤት አባል ወይዘሮ ቲነከ ስትሪክን መደበ። በ2012 ያቀረቡት ሪፖርት በርእሱ ላይ «ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይዟል። ወይዘሮዋ ለመንግሥታቱም ለጦር ዕዙም ደብዳቤ ጽፈው ጠየቁ። የሮም ማዕከል መልእክቱን አስተላልፌአለሁ አለ፤ እውነት ነው፣ አስተላልፏል፤ አንድ ሰው መሄዱን ግን አላረጋገጠም። አካባቢው በስም የሊቢያ የነፍስ አድን ክልል ነበር፤ ሊቢያ ግን በጦርነት ላይ ነበረች። የጦር ዕዙም መንግሥታቱም በእጃቸው ባለው መዝገብ እንዲህ ያለ መርከብ እንደማያገኙ ገለጹ። የሄሊኮፕተሩና የመርከቡ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሪፖርቱ ሊያረጋግጥ አልቻለም። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስደነግጠው እያንዳንዱ የሰጠው መልስ ለብቻው ሲታይ ሐሰት ላይሆን መቻሉ ነው። ሁሉም ከድርሻው ጥቂት አደረገ፣ ሁሉም ድርሻውን አስረዳ፤ 63ቱ ሰዎች ግን የማንም ድርሻ ሳይሆኑ ቀሩ።

ይህ የነፍስ አድን ጉዳይ እንጂ የድንበር ጥበቃ ጉዳይ አይደለም የሚል አይጠፋም። በሕግ መጽሐፍ ሁለቱ ይለያያሉ፤ በባሕሩ ላይ ግን አንድ ናቸው። ከጀልባ ላይ ሰው ያወጣ መንግሥት «የት ታወርዳቸዋለህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋልና፣ ኢጣሊያና ማልታ በዚሁ ምክንያት ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። ማውረድ የማይፈልግ ማንሣትም ይፈራል።

ወደ ራሱ ወደ ድንበር ጥበቃው እንምጣ። ኢጣሊያና ሊቢያ በኦገስት 2008 በቤንጋዚ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ ውሉ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን በደል ካሣ 5 ቢሊዮን ዶላር የያዘ ሲሆን፣ የስደተኞችን ጉዞ ለመግታት በጋራ መሥራትም በውስጡ ተካትቷል። በሜይ 6 ቀን 2009 ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች የተሳፈሩባቸው ጀልባዎች ከላምፔዱዛ በስተደቡብ 35 የባሕር ማይል ያህል ርቀት ላይ በኢጣሊያ የጥበቃ መርከቦች ተያዙ። ሰዎቹ ወደ ኢጣሊያ ወታደራዊ መርከቦች ተዛወሩ፤ ወዴት እንደሚወሰዱ ሳይነገራቸው፣ ስማቸውም ሳይጠየቅ፣ ከአሥር ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ትሪፖሊ ላይ ለሊቢያ ባለ ሥልጣኖች ተሰጡ። ከመካከላቸው 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን በጠበቆች አማካይነት በስትራስቡርግ ለሚገኘው ለአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቤት አሉ። የኢጣሊያ መንግሥት የነፍስ አድን ተግባር እንጂ ሌላ አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 በአንድ ድምፅ ፈረደበት፤ የኢጣሊያ ሰንደቅ ዓላማ በሚያውለበልብ መርከብ ላይ ያለ ሰው በኢጣሊያ ሥልጣን ሥር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ሳይጠይቁና ሳይሰሙ በጅምላ መመለስ፣ ሊሰቃይ ወደሚችልበትም ስፍራ ማስረከብ ሕግን መጣስ ነው አለ።

ጥሩ ፍርድ ነው። በሮምና በብራስልስ ግን ከእርሱ የተቀሰመው ትምህርት ዳኞቹ ያሰቡት አልነበረም። «ሰዎችን አትመልሱ» መባሉ፣ «በራሳችሁ መርከብ አትመልሱ» ተብሎ ተተረጎመ። እዚህ ላይ ጲላጦስ ይታወሰኛል። በአገራችን ትውፊት ጲላጦስ በምሕረት ዓይን እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ልነቅፈውም አልተነሣሁም። ስብከታችን ግን ሁልጊዜ እጁን ስለ መታጠቡ ይናገርና ከዚያ አስቀድሞ ያደረገውን ይዘነጋል። በሉቃስ ወንጌል እንደምናነበው፣ ጲላጦስ ተከሳሹ ገሊላዊ መሆኑን በሰማ ጊዜ ጉዳዩ የሄሮድስ ግዛት ነው ብሎ ወደ ሄሮድስ ላከው። የሕግ ሰው ነበርና የሕግ በር አገኘ። ከዚያ በፊት ጠበኞች የነበሩት ሁለቱ ገዥዎችም በዚያ ቀን ወዳጆች ሆኑ። ውኃው የመጣው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው የዳኝነት ክልል ነው።

በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 በሮምና በትሪፖሊ መንግሥታት መካከል አዲስ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። የኢጣሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ፖለቲካዊ ይዘት ያላቸው ወይም በመንግሥት ገንዘብ ላይ ሸክም የሚጥሉ ዓለም አቀፍ ውሎች በምክር ቤት እንዲጸድቁ ያዝዛል፤ ይህ ሰነድ ግን ለማጽደቂያ ለምክር ቤት አልቀረበም። በ2020 እና በ2023 ታድሷል። በዚህ ሰነድ መሠረት የሊቢያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች የጥበቃ ጀልባዎች፣ ሥልጠናና ገንዘብ ከኢጣሊያና ከአውሮፓ ኅብረት አገኙ፤ በ2018 ደግሞ ሊቢያ የራሷን የነፍስ አድን ክልል በይፋ አስመዘገበች። ከእንግዲህ ወዲያ ሰዎቹን የሚይዛቸው ሊቢያዊ እጅ፣ የሚመልሳቸውም ሊቢያዊ ሰንደቅ ዓላማ ሆነ። በኖቬምበር 2017 ኢጣሊያ በሰጠችው ጀልባ የተፈጸመና ሰዎች የሞቱበት አንድ ድርጊት እንደገና እስከ ስትራስቡርግ ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2025 ጉዳዩ በኢጣሊያ የዳኝነት ሥልጣን ሥር አይወድቅም በማለት አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። በ2012 ጠያቂ የነበረው አደባባይ በ2025 የሚጠየቀውን ሰው አላገኘም። ዳኞቹን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ የሕጉ ወሰን ያው ሊሆን ይችላል። ወሰኑ የት እንዳለ አጥንቶ ከወሰኑ አንድ እርምጃ ማዶ የቆመው ግን ሌላ ሰው ነው።

በምሥራቅ በኩልም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በማርች 2016 የአውሮፓ መሪዎች ከቱርክ ጋር ስደተኞችን ስለ መመለስ የተስማሙበት መግለጫ በወጣ ጊዜ ሦስት ጥገኝነት ጠያቂዎች በኅብረቱ ፍርድ ቤት ተቃወሙት። ፍርድ ቤቱ በ2017 የሰጠው መልስ የሚገርም ነው፤ መግለጫው የኅብረቱ ተቋማት ያወጡት ተግባር ሳይሆን የአባል አገሮቹ መሪዎች ያደረጉት ነውና ልመለከተው አልችልም አለ። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ከተማ ተሰብስበው፣ የወሰኑት ውሳኔ እነርሱ በየትኛው ባርኔጣቸው እንደ ተቀመጡ እስኪታወቅ ድረስ ባለቤት አጣ።

ከዚህ በኋላ ሊነሣ የሚገባው ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ አቃልለን ልናልፈውም አይገባም። መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን አትክድም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1963 «ሰላም በምድር» በተሰኘው መልእክታቸው ሰው በበቂ ምክንያት ወደ ሌላ አገር የመሄድ መብት እንዳለው ሲያስተምሩ፣ የጋራ ጥቅምን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበትንም መንግሥት አልዘነጉም። እንግዲህ የአንድ አገር ሕዝብ በብዙኃን ድምፅ «በሩ ይጥበብ» ብሎ ከመረጠ፣ መንግሥቱም በሩን ካጠበበ፣ ይህ ራሱ ዲሞክራሲ አይደለምን? መንግሥት ለመረጠው እንጂ ላልመረጠው ለምን ይጠየቃል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሕዝብ አንድን ነገር ሊፈቅድ የሚችለው የሚፈቅደውን ሲያይ ነው። «በሩ ይጥበብ» ያለ መራጭ በሩ እንዲጠብ ፈቅዷል፤ ማንም በማያየው ስፍራ በሌላ ሰው እጅ ሰው እንዲደበደብ ፈቅዷል ማለት ግን አይቻልም። ምናልባት ቢጠየቅ ይፈቅድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኃጢአቱም ኃላፊነቱም የእርሱ ይሆናል፤ እኛም ፊት ለፊት እንከራከረዋለን። ነገር ግን አልተጠየቀም። አንድ መንግሥት ፈቃዱ በእጄ ነው እያለ ሥራውን ከፈቃድ ሰጪው ዓይን ለማራቅ ይህን ያህል ከደከመ፣ ፈቃዱ እንደሚጠበብበት ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ጭካኔ በግልጽ ሲሠራ ክፉ ነው፤ በተከራየ እጅ ሲሠራ ግን ከክፋቱ በላይ መራጩን ራሱን ያታልላል፤ ዜጋውን ሳያውቅ ተባባሪ ያደርገዋልና።

የምርጫ ሣጥኑም ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጥቀስ። የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ጥበቃ ድርጅት የፍሮንቴክስ ዋና ዲሬክተር የነበሩት አቶ ፋብሪስ ለጄሪ፣ የኅብረቱ የፀረ ማጭበርበር መሥሪያ ቤት ስለ ድርጅቱ አሠራር ምርመራ ካካሄደ በኋላ፣ በኤፕሪል 2022 ሥራቸውን ለቀቁ። በ2024 ደግሞ ከፈረንሳይ ለአውሮፓ ፓርላማ ተመረጡ። መራጮቹ መብታቸውን ተጠቅመዋል። ነገር ግን ይህ ምርጫ ለምርመራው ጥያቄ መልስ ሆኗልን? መራጩ «እወድዋለሁ» ወይም «አልወድም» ይላል እንጂ «በዚያ ሌሊት በዚያ ጀልባ ላይ ምን ተደረገ?» ብሎ አይመረምርም። ያን የሚመረምሩት ፍርድ ቤት፣ የምክር ቤት ኮሚቴና ጋዜጠኛ ናቸው፤ የተዘጉትም እነዚህ በሮች ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ መንግሥት ላልመረጠው እንግዳ ስለ ምን ይጠየቃል የሚለው፣ ይበልጥ ከባድ ነው። በአገራችን «በሕግ አምላክ» የሚል ቃል ነበረ። ይህን ቃል የሚናገር ሰው የመንደሩ ተወላጅ መሆን አይጠበቅበትም፤ መንገደኛም ቢሆን «በሕግ አምላክ ቁም» ሲል የተጠራው መቆም ነበረበት። ቃሉን ለጠሪው ኃይል የሚሰጠው የጠሪው ማንነት ሳይሆን የተጠራበት ስም ነው። ሥልጣን በሰው ሥጋ ላይ እጁን ሲያሳርፍ፣ እጁ ያረፈበት ሰው «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት የሚያገኘው ከዜግነቱ ሳይሆን እጁ በእርሱ ላይ ከማረፉ ነው። እጁ ሲያርፍ ሥልጣን ያለው መንግሥት፣ ጥያቄ ሲመጣ ሥልጣን የለኝም ሊል አይችልም። የምሟገተው ለዚህ ብቻ ነው፤ ማንም መጤ ሁሉ ይግባ አላልኩም። መልሱ «አትገባም» ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ያልተጠየቀ ሰው ግን መልስ አልተሰጠውም።

ጣታችንን ወደ ሰሜን ብቻ እንዳንቀስር ሁለት ነገር ልጨምር። በኦገስት 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር ጠባቂዎች በየመን በኩል የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል የሚል ሪፖርት አውጥቷል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል። እዚያ የተመረጠ ፓርላማ የለም፤ ጠያቂው የሚያንኳኳው በር ከመጀመሪያውም የለም። ስለዚህ ስለ አውሮፓ ይህን ያህል መናገራችን እዚያ በሩ ስላለ ነው። ሌላው ደግሞ ልጆቻችንን ወደዚያ ባሕር የገፋቸው ጦርነት፣ ሥራ ማጣትና ደላላ የእኛው መሆኑ ነው። የደላላው በደል ግን የጦር መርከቡን በደል አያስቀርም፤ የጦር መርከቡም የደላላውን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ በ2025 ያረፉት፣ ከሮም ውጭ ያደረጉት የመጀመሪያ ጉዞ በጁላይ 8 ቀን 2013 ወደ ላምፔዱዛ ነበር፤ በዚያም እግዚአብሔር ለቃየል ስለ ወንድሙ ያቀረበለትን ጥያቄ አንሥተው ሰበኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ በኦክቶበር 3 ቀን፣ በዚያችው ደሴት አቅራቢያ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ 368 ሰዎች ሰጠሙ።

ድሮ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጭካኔ ነበረበት፤ ያልበደለው ከበደለው ጋር ይራባል፣ ላም የሚያልብ ሳያልብ ያድራል። ይመለስ አልልም። ነገር ግን «እኔ አላየሁም» ያለው ሁሉ ተነሥቶ ቢሄድ ሜዳው ባዶ እንደሚቀር ያውቁ ነበር።

ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ የእኛም ሰዎች አሉ። በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ በሱዳንና በሊቢያ በኩል የተሻገሩ፣ ዛሬ ግን የኢጣሊያ፣ የጀርመን፣ የስዊድን ፓስፖርት የያዙ፣ ልጆቻቸውን በየቁምስናው በአማርኛና በትግርኛ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ብዙዎች ናቸው። የምክር ቤት አባላቸውን በስሙ ያውቁታል፤ ደብዳቤም ሊጽፉለት ይችላሉ። አንዳንዶቹ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ «እኛ ገብተናል፤ አሁን በዛ» ይላሉ፤ በዚያው ሣምንት ደግሞ ከትሪፖሊ ለሚደውል የአክስት ልጅ ገንዘብ ይልካሉ።